ቆሻሻ መልቀም ቅጣት በሆነበት ግቢ የአካባቢ ክበብ እንዴት ይቆማል?

አርፍዶ የመጣን ተማሪ ከሰልፍ ለይተን «ወረቀት ልቀም» የምንል መምህራን ብዙ ነን። እኔም ዓመታት ብያለሁ። ረፋድ ላይ ያንኑ ልጅ «የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተመዝገብ» ስለው ፊቱን ያጨፈግጋል። ምን ያድርግ? ቆሻሻ ማንሳት የጥፋተኛ ሥራ መሆኑን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ክበብ ለማቆም ያሰበ መምህር ችግኝ ከመፈለጉ በፊት ከርዕሰ መምህሩና ከዩኒት ሊደሩ ጋር ተቀምጦ ይህን ቅጣት ያስቀር። ለአርፋጁ ሌላ ነገር ይፈለግለት።

የማስተምረው ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወርዱ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ አካባቢ ሳይንስ ነው። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ግማሹም ሲሚንቶ። የምጽፈው እዚያ የሠራልንን ነው።

ልጆቹን ከ5ኛ ክፍል ምረጡ። 6ኛና 8ኛ ክፍል የፈተና ክፍሎች ናቸው፤ ከየካቲት በኋላ ልባቸው ሌላ ቦታ ነው። ሠላሳ ስም መዝግቦ ወረቀት ላይ ከማስቀመጥ አሥራ ሁለት ልጅ ይበቃል። ፎቶ ለመነሳት ብቻ የሚመጣውን በሁለት ሳምንት ትለዩታላችሁ፤ አታባርሩት፣ ጀሪካን አስይዙት።

መጀመሪያ የምንጀምረው በኮምፖስት ነው፤ ምክንያቱም ውጤቱ በዚያው መንፈቅ ይታያል። የተማሪዎች ምገባ ከተጀመረ ወዲህ ጥሬ ዕቃው ከወጥ ቤት በየቀኑ ይወጣል፦ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ውጪኛው ቅጠል። ምግብ አብሳይ እናቶችን በትህትና ለምኑና ሁለት ባልዲ አስቀምጡላቸው፤ አንዱ ለጥሬ ልጣጭ፣ ሌላው ለምግብ ትራፊ። ወደ ኮምፖስቱ የሚገባው የመጀመሪያው ብቻ ነው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ወጥ የነካው እንጀራ ጭምር አስጨመርኩ። ሳምንት ሳይሞላ ጥበቃችን ጋሼ ጠርተውኝ «መምህር፣ አይጥ እያረባን ነው እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ሁሉንም አውጥተን እንደ አዲስ ጀመርን።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከታች አየር እንዲያስገባ ጭራሮ አንጥፉ፤ ከላዩ ደረቅ ቅጠልና የተቀደደ አሮጌ ደብተር፣ ከዚያ ልጣጭ፣ ከዚያ ስስ አፈር፣ እንደገና ደረቅ። ደረቁ ከእርጥቡ ሁለት ሦስት እጥፍ ይሁን። ከሸተተ ውሃ በዝቶበታል ማለት ነው፤ ደረቅ ጨምራችሁ ገልብጡት። በእጅ ጭብጥ አድርጋችሁ ስትጨምቁት ጠብ ጠብ ካለ ልክ ነው፤ ከወረደ በዝቷል። በር ላይ ጀበና ቡና የሚሸጡት እትዬ አተላቸውን በነጻ ይሰጡናል፤ እሱም ይገባል። መሐሉ ላይ ረጅም ዱላ ሰክታችሁ ተዉት። አንዲት ልጅ በአምስተኛው ቀን ዱላውን ነቅላ ጫፉን ስትይዝ «ቲቸር፣ ይሞቃል! ማን አነደደው?» ብላ ጮኸች። ስለ ረቂቅ ተሕዋስያን ያስተማርኩት የዚያን ቀን ነው፤ ከመጽሐፉ ሁለት ምዕራፍ ቀድሜ። በየሁለት ሳምንቱ ከተገለበጠ በሦስት ወር ገደማ ጥቁር፣ ዝናብ ዝናብ የሚሸት አፈር ይሆናል። ቆስጣ ዝሩበት።

ዛፍ ላይ ሁላችንም ችኩል ነን። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ ችግኝ ማግኘት አይቸግርም፤ የሚቸግረው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጥም ነው። በኅዳር የደረቀ የወይራ ችግኝ ነቅለን ብናይ ሥሩ ጥቁሩ ፕላስቲክ ውስጥ እንደ ሽቦ ተጠቅልሎ አገኘነው፤ ተካዩ ከነፕላስቲኩ ቀብሮት ነበር። አሁን ሕጋችን አንድ ነው፦ የተተከለው ችግኝ ፕላስቲክ እጄ ላይ ካልደረሰ ተከላው አልተቆጠረም። በዓመት ሦስት ዛፍ ብቻ እንተክላለን። ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈራል፤ የላዩና የታችኛው አፈር ለየብቻ ይከመራል፤ ሲተከል የላዩ ወደ ሥር ይገባል። ወይራ፣ ጽድና ኮክ ይሆኑናል። ባህር ዛፍ ለእንዲህ ያለ ግቢ አይሆንም።

ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በመጣ ቀን ጀሪካኖቹ ይሞላሉ። ለበጋው ደግሞ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ቂጡን ቆርጣችሁ ክዳኑን በመርፌ ብሱትና አንገቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ከሥሩ አጠገብ ቅበሩት፤ እየተንጠባጠበ ያጠጣል። በጋለ ምስማር አትብሱት፤ እኛ ሞክረነው ውሃው ወዲያው አለቀ።

የቀረውን ሃይላንድ ለቆራሌው ሽጡ። ገንዘቡን ግን ልጆቹ ራሳቸው ደብተር ላይ ይመዝግቡ፤ ሁለት ልጅ ይፈርም። ቀድሞ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት የክበቡ ብር ለቢሮ መጋረጃ ዋለ። በሚቀጥለው ዓመት አንድም ልጅ ጠርሙስ ይዞ አልመጣም፤ አልፈረድኩባቸውም።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ በወላጅ ፈቃድ፣ ቀበና ድልድይ እንወጣለን። ወንዙ ስለቆሸሸ መውረድም መንካትም የለም፤ ከላይ ሆነው ለአሥር ደቂቃ ድንጋይ ላይ የተሰካውን ፌስታል ይቆጥራሉ። ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ካርታ ላይ እንከተለዋለን፦ ቀበና ወደ ታላቁ አቃቂ፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ጠረፍ ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። «ታዲያ ፌስታሉ የት ይወጣል?» አለኝ አንዱ። በአቃቂ ውሃ አትክልት እንደሚለማና እዚሁ ከተማ ገበያ እንደሚወጣ ስነግራቸው ምሳቸው ላይ የነበረውን ቆስጣ አስታውሰው ዝም አሉ።

አንድን ዛፍ ለአንድ ልጅ አትስጡ፤ ለሁለት፣ ያውም ከተለያየ ሰፈር። በ2017 የካዛንቺስ ሰፈር ለልማት ሲነሳ ልጆቻችን ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ሄዱ፤ ባለቤት ያጡትን ችግኞች ያጠጣኋቸው ራሴ ነበርኩ።

በክረምት ልጆቹ የሉም፤ ዝናቡ ያጠጣል ብላችሁ አትዘናጉ። ክረምት የእድሳት ጊዜ ነው። ባለፈው ክረምት ሁለት ኮክ አሸዋ ተደፍቶባቸው በመስከረም ቆፍረን አወጣናቸው፤ አንዱ ተረፈ። አሁን በሰኔ መጨረሻ ዙሪያቸውን በካስማና በቀይ ጨርቅ አጥረን፣ ጋሼን አደራ ብለን፣ የሥራውን ፎርማን መጀመሪያ የምጠይቀው አሸዋውን የት እንደሚደፋ ነው።