ከኡቡንቱ ወደ ዊንዶውስ ሲመለሱ ሃርድ ዲስኩ ለምን እምቢ ይላል? ችግርና መፍትሄ

የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ማዘጋጀት፣ ቻርጀር ሰክቶ መጀመር፣ ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ) ገብቶ ቡት፣ ማለትም የሚነሳበትን፣ ማስተካከል የታወቀ ነውና እንለፈው። እዚህ የተጻፈው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ሆነ ወልዲያ፣ ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው የሊኑክስ ሲስተም) ተጭኖበት የቆየ ኮምፒውተር ወደ ዊንዶውስ ሲመለስ እምቢ የሚለው ዲስኩ ነው። ብዙውን ጊዜ ዲስኩ አልተበላሸም። «ተበላሽቷል» ተብሎ በችኮላ የሚጠፋው ፋይል ግን ያሳዝናል።

ችግር 1፦ ዲስኩ ይታያል፣ ዊንዶውስ ግን አልጫንበትም ይላል

ደጋግሞ የሚመጣው ይሄ ነው። የፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍልፋዮች) ዝርዝሩ ይወጣል፣ ዲስኩም ከነመጠኑ ይታያል፣ «ኔክስት» የሚለው ግን ደብዝዞ አይነካም። ከታች ያለችውን የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ሲከፍቷት «ዲስኩ ኤምቢአር ነው» ወይም «ዲስኩ ጂፒቲ ነው» የሚል መልእክት ይመጣል። የትኛውን እንዳለ ሳታነቡ ምንም አትንኩ፤ መፍትሄው ያለው እዚያች ቃል ላይ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። እያንዳንዱ ፓርቲሽን ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ዲስኩ ላይ የሚመዘገብበት ሰንጠረዥ ሁለት ዓይነት ነው። ኤምቢአር የድሮው ሲሆን 4 ዋና ፓርቲሽን ብቻ ይይዛል፣ ከ2 ቴራባይት በላይም አይደርስም። ጂፒቲ አዲሱ ነው። ኮምፒውተሩ የሚነሳበት መንገድም እንዲሁ ሁለት ነው፤ የድሮው ሌጋሲና አዲሱ ዩኢኤፍአይ። የዊንዶውስ መጫኛ በዩኢኤፍአይ ከተነሳ ጂፒቲ ካልሆነ አይቀበልም፤ በሌጋሲ ከተነሳ ኤምቢአር ካልሆነ አይቀበልም። ኡቡንቱ በዚህ በኩል ለቀቅ ያለ ነው፤ በሌጋሲ ተነስቶም ጂፒቲ ዲስክ ላይ ይሠራል። ስለዚህ ለዓመታት ያለ ችግር ሲሠራ የኖረ ዲስክ ዊንዶውስ ዘንድ ሲደርስ ይመለሳል። ዲስኩ ጤነኛ ነው፣ ፍላሹም ጤነኛ ነው፤ ያልተስማሙት መነሻውና ሰንጠረዡ ናቸው።

ያገለገሉ ዴልና ኤችፒ ላፕቶፖች ላይ ይሄ የሚበዛው ብዙዎቹ በሁለቱም መንገድ መነሳት ስለሚችሉ ነው። በቡት ሜኑው (ዴል፣ ሌኖቮና ቶሺባ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኢስኬፕ ከዚያ ኤፍ9) አንዱ ፍላሽ ሁለት ቦታ ተጽፎ ይታያል፤ አንዱ ከፊቱ «ዩኢኤፍአይ» የሚል አለው፣ ሌላው የለውም። ሰው እጁ እንደመራው አንዱን ይመርጣል፣ ከዚያ በዲስኩ ይማረራል።

መፍትሄውን ከቀላሉ ጀምሩ። ዲስኩ ላይ የሚተርፍ ፋይል ካለ፣ ለምሳሌ ዲ የሚባል ፓርቲሽን ላይ የተቀመጠ ሥራ ካለ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ፍላሹን በሌላኛው መንገድ አስነሱት። መልእክቱ ጂፒቲ ካለ «ዩኢኤፍአይ» የሚለውን ምረጡ፤ ኤምቢአር ካለ ያለ እሱ ያለውን። የኡቡንቱን ፓርቲሽኖች ብቻ አጥፍታችሁ እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ትጭናላችሁ፤ ሌላው ሳይነካ ይቀራል። በሩፈስ (ፍላሽ መሥሪያ ፕሮግራም) «ጂፒቲ» ተብሎ የተሠራ ፍላሽ በሌጋሲ እንደማይነሳ አትርሱ፤ በቡት ሜኑው አንድ ቦታ ብቻ ከታየ ፍላሹን «ኤምቢአር» ብላችሁ እንደገና ሥሩት።

የሚተርፍ ነገር ከሌለ ብቻ ነው ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ማጽዳት የሚገባው። ያን ጊዜ ጂፒቲና ዩኢኤፍአይ ይሻላል፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚጠይቀው ዩኢኤፍአይ ነው፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። አሠራሩ እንዲህ ነው (ትእዛዞቹ የሚጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው)፦

ሌላ ሃርድ ዲስክና የማይፈለግ ፍላሽ ሁሉ ንቀሉ፤ የመጫኛውን ፍላሽ «ዩኢኤፍአይ» በሚለው አስነሱ። በመጫኛው መስኮት ላይ ሺፍትና ኤፍ10 አንድ ላይ ተጫኑ፤ ጥቁር መስኮት ይከፈታል። «ዲስክፓርት»፣ ከዚያ «ሊስት ዲስክ» ጻፉ። ዲስኩን የምትለዩት በመጠኑ ነው፤ 256 ጊጋ የተባለው 238፣ 500 የተባለው 465፣ 1 ቴራ የተባለው 931 ሆኖ ይታያል። በስተቀኝ ባለው የጂፒቲ ዓምድ ስር ኮከብ ካለ ዲስኩ ጂፒቲ ነው። «ሰሌክት ዲስክ» ብላችሁ ቁጥሩን አስከትሉ። አሁን ቁሙ። «ዲቴይል ዲስክ» ብላችሁ የዲስኩን ሞዴል አንብቡ። እሱ መሆኑን ካረጋገጣችሁ «ክሊን»፣ ቀጥሎ «ኮንቨርት ጂፒቲ»፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ «ኤግዚት»። ወደ ዝርዝሩ ተመልሳችሁ «ሪፍሬሽ» በሉ፣ ባዶውን ቦታ መርጣችሁ «ኔክስት» በሉ። ፓርቲሽን በእጅ መከፋፈል አያስፈልግም፤ 100 ሜጋ የቡት ፓርቲሽኑንና ለራሱ የሚያስቀረውን 16 ሜጋ ዊንዶውስ ራሱ ይሠራቸዋል።

ያ «ቁሙ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሲስተም የያዘ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ አዲስ ዓይነት ዲስክ) ተጨምሮለት፣ የድሮው ሃርድ ዲስክ በሲዲው ቦታ የገባበት ላፕቶፕ ብዙ አለ። «ዲስክ 0 ሁልጊዜ የሲስተሙ ነው» የሚል የተሳሳተ እምነትም አለ። ቁጥሩ የሚሰጠው እንደ መሰኪያው ነው እንጂ እንደ ሥራው አይደለም። የፎቶ ቤት ኮምፒውተር ላይ ዲስክ 0 ተብሎ ክሊን የተደረገው የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ የያዘው ዲስክ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ፤ ኡቡንቱ የነበረበት ኤስኤስዲ ዲስክ 1 ላይ ሳይነካ ተቀምጦ ነበር። ለገንዘቡ ብሎ 10 ደቂቃ የማይታገስ ሠራተኛ የሰውን ሠርግ ሊያጠፋ አይገባም።

ይህ ከደረሰ አብሽሩ፣ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ክሊን የሚያጠፋው ሰንጠረዡን እንጂ ፋይሉን አይደለም። አዲስ ፓርቲሽን አትፍጠሩ፣ ፎርማት አታድርጉ፣ ምንም አትጫኑ። ዲስኩን አውጥታችሁ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ቴስትዲስክ በሚባለው የጠፋ መመለሻ ፕሮግራም የድሮዎቹን ፓርቲሽኖች ፈልጉ። በኤስኤስዲ ላይ ፎርማት ከተደረገ ግን ተስፋው ቀጭን ነው፤ ዲስኩ ባዶ የተባለውን ቦታ ራሱ ያጸዳዋል። «ክሊን ኦል» የሚባለውን ደግሞ ከነጭራሹ አትጻፉ። ዲስኩን በሙሉ በዜሮ ይሞላዋል፤ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ላይ ሰዓታት ይፈጃል፣ የሚመለስ ነገርም አይተውም።

ችግር 2፦ ዊንዶውስ «ይህ ዲስክ ፎርማት መደረግ አለበት» ይላል

አያስፈልገውም። ዊንዶውስ የኡቡንቱን ኤክስት4 (ኡቡንቱ ፋይል የሚያስቀምጥበት የፎርማት ዓይነት) ማንበብ ስለማይችል ነው እንዲህ የሚለው። ፋይሉ እዚያው አለ። «ካንስል» በሉ፤ እሺ ካላችሁ በገዛ እጃችሁ አጠፋችሁት።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከመጫን በፊት ነው። ኮምፒውተሩን በኡቡንቱ ፍላሽ «ሞክር» ብላችሁ አስነሱና ፋይሉን ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ በሆነ ውጫዊ ዲስክ ላይ ቅዱ። ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ችግር የለበትም፤ በስሙ ውስጥ የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ፣ የጥያቄ ምልክት ወይም ኮከብ ካለ ግን ዊንዶውስ ስለማይቀበለው ቀድማችሁ ስሙን ቀይሩ። የእኛው «፡» አይከለከልም፤ ኮምፒውተሩ የሚያየው እንደ ሌላ ፊደል ነው። ከቀዳችሁ በኋላ ውጫዊውን ዲስክ በሌላ ኮምፒውተር ሰክታችሁ የተወሰኑ ፋይሎችን ክፈቱ። የፎልደሩን ስም ብቻ አይቶ «ባክአፕ አለኝ» ማለት አይበቃም። የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ላፕቶፕ ከሆነ ሁለት ቦታ ቅዱ።

ኡቡንቱ ሲጫን ዲስኩ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ከነበረ ያ ቃል ሳይገኝ ምንም አይወጣም።

ችግር 3፦ የኡቡንቱ ፓርቲሽን ከጠፋ በኋላ «ግሩብ ሬስኪው» የሚል ጥቁር ስክሪን

ሁለቱ አብረው ተጭነው ሳለ ከዊንዶውስ ውስጥ የኡቡንቱ ፓርቲሽን ሲጠፋ ይመጣል። ማስነሻው ግሩብ ነበር፤ የሚያነባቸው ፋይሎች አብረው ጠፉ። ዊንዶውሱ አልተነካም፣ እንደገና መጫንም አያስፈልግም። በዩኢኤፍአይ ከሆነ ባዮስ ገብታችሁ በቡት ቅደም ተከተሉ ላይ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር»ን ከ«ኡቡንቱ» በላይ አድርጉት። በሌጋሲ ከሆነ በዊንዶውስ ፍላሽ ተነስታችሁ፣ «ሪፔር» ውስጥ ጥቁሩን መስኮት ከፍታችሁ «ቡትሬክ»ን በ«ፊክስ ኤምቢአር» አማራጭ አስኪዱት።

ችግር 4፦ ዲስኩ በመጫኛው ላይ ጭራሽ አይታይም

11ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለ ኢንቴል ላፕቶፕ ከሆነ አስቀድማችሁ ቪኤምዲን (ዲስኩን የሚቆጣጠር የኢንቴል የባዮስ አማራጭ) ጠርጥሩ። ወይ ባዮስ ውስጥ አጥፉት፣ ወይ ከአምራቹ ገጽ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨር አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ ዘርግታችሁ «ሎድ ድራይቨር» በሉ። ድሮ የተሠራ ከሆነ ኬብሉን ነቅላችሁ ሰኩ።

ችግር 5፦ ፍላሹ አይነሳም ወይም 64 ጊጋው ጥቂት ሜጋ ሆኖ ይታያል

ኡቡንቱ ላይ ሆኖ የዊንዶውስ አይኤስኦ (የመጫኛ ፋይል) ኢቸር በሚባለው ፕሮግራም ወይም በኡቡንቱ የራሱ ፍላሽ መሥሪያ መጻፍ አይሠራም፤ ቬንቶይ የሚባለውን ፍላሽ መሥሪያ ተጠቀሙ። ያነሰው መጠን የሚመለሰው በዲስክፓርት ፍላሹን መርጦ ክሊን በማድረግ ነው፤ እዚህም መጠኑን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ገበያ ላይ ያሉ ርካሽ ፍላሾች ግን ላያቸው 64 ተጽፎ ውስጣቸው 8 የሆኑ አሉ። መጫኑ መሃል ላይ «ፋይል ጎደለ» ብሎ ከቆመ ሌላ ፍላሽ ሞክሩ፤ በእንዲህ ያለ ፍላሽ ላይ ባክአፕ ማስቀመጥማ ፋይሉን መጣል ነው።

ችግር 6፦ መጫኑ ይጎተታል፣ ይቆማል፣ ዲስኩም ይንቋቋል

ይህኛው እውነተኛ ብልሽት ነው። ኡቡንቱ ላይ ስማርት መረጃውን (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበውን) አንብቡ። ቁጥር 5 እና 197 (የተበላሹና የተጠረጠሩ ቦታዎች ቆጠራ) ላይ ከዜሮ በላይ ካለና እየጨመረ ከሄደ ፋይሉን አውጥታችሁ ዲስኩን ቀይሩ። 199 ብቻ እየጨመረ ከሆነ ኬብሉን ቀይሩ።

ችግር 7፦ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ

ኡቡንቱ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ያስቀምጠዋል፤ ዊንዶውስ የአገር ውስጥ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። ኢትዮጵያ 3 ሰዓት ስለምትቀድም ነው። የጊዜ ቀጠናውን ናይሮቢ ላይ አድርጋችሁ ኢንተርኔት ሲገኝ «ሲንክ» በሉት። ሌላ ሌላ ጊዜ ደግሞ በተነሳ ቁጥር ዓመቱ ጭምር የሚዛባ ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል፤ ሲአር2032 ግዙና ቀይሩ።