ጠባብ የኮንዶሚኒየም ሳሎንን ለቤተሰብ እንዲመች አድርጎ ማሰናዳት

በኮንዶሚኒየም ቤት ሳሎን የእንግዳ መቀበያ ብቻ አይደለም። እዚያው ይበላል፣ ቡና ይፈላል፣ ልጆች የቤት ሥራ ይሠሩበታል፤ ዘመድ ከክፍለ ሀገር ሲመጣ ደግሞ ማታ ፍራሽ ይነጠፍበታል። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ክፍሉ ሳይለካ ሶፋ ስለሚገዛ ነው። ሰፊ ሱቅ ውስጥ ልከኛ የመሰለው ሶፋ ቤት ሲገባ መተላለፊያ ያሳጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሜትር ይያዙ። የክፍሉን ርዝመትና ወርድ፣ በሩ ወደየት እንደሚከፈት፣ መስኮቱ ከወለሉ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ሶኬቶቹ የት እንዳሉ ይመዝግቡ። ካሬ ባለው የሒሳብ ደብተር ላይ አንዱን ካሬ 20 ሴ.ሜ. አድርገው ይሳሉት። ከዚያ ሊገዙት ያሰቡትን ሶፋ ልክ በፕላስተር ወለሉ ላይ ያስምሩና አንድ ሁለት ቀን በዚያው ይመላለሱ። ትሪ ተይዞ የማይታለፍ ከሆነ ሶፋው ይነስ።

ወርዱ 3.20 ሜትር የሆነ ሳሎን እንውሰድ። የሶፋው ጥልቀት 90 ሴ.ሜ.፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫው 40 ሴ.ሜ. ቢሆን 1.90 ሜትር ይተርፋል። ከሶፋው 40 ሴ.ሜ. ርቆ 50 ሴ.ሜ. ወርድ ያለው ጠረጴዛ ሲቀመጥ አንድ ሜትር መተላለፊያ ይገኛል፤ ይህ ምቹ ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ 1.10 ሜትር ጥልቀት ያለው ትልቅ ሶፋ፣ 60 ሴ.ሜ. ቡፌና 60 ሴ.ሜ. ጠረጴዛ ቢገባ፣ ጠረጴዛው ከሶፋው ያው 40 ሴ.ሜ. ርቆ፣ የሚተርፈው 50 ሴ.ሜ. ብቻ ነው። ሰው ጎኑን አዙሮ ማለፍ ይጀምራል፤ ልጅ ከጠረጴዛው ጥግ ጋር ይጋጫል።

የሶፋው ክንድም ይታይ። አንድ ሰው ለመቀመጥ ከ55 እስከ 60 ሴ.ሜ. ይበቃዋል። በሁለቱም ጎን 30 ሴ.ሜ. የወፈረ ክንድ ያለው ሶፋ የአንድ ሰው ቦታ ለክንድ ሰጠ ማለት ነው። ለጠባብ ቤት ባለ ሦስት፣ ባለ ሁለትና ባለ አንድ መቀመጫ ሶፋዎች ካሉት ስብስብ ይልቅ ቀጭን ክንድ ያለው ኤል ሼፕ እመርጣለሁ፤ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ መሃሉም ክፍት ይሆናል። ለተጨማሪ እንግዳ ተደራርበው የሚቀመጡ አራት በርጩማዎች ይበቃሉ። ክዳኑ የሚከፈት ፑፍ ካለ የልጆች መጫወቻ ማታ ማታ እዚያ ይገባል።

የቡና ቦታ መጀመሪያውኑ ይታሰብበት፤ በኋላ ይገኝለታል ከተባለ ሁልጊዜ በር ላይ ይሆናል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታ ለረከቦት፣ ለምድጃና ለምታፈላው ሰው ይበቃል። መስኮት አጠገብ ይሁን፤ መጋረጃ ግን እንዳይደርስበት። ምንጣፉ እዚያ ድረስ አይዘርጋ፤ እርጥብ ቄጠማና ፍም ያበላሹታል፣ ሴራሚክ ግን በጨርቅ ይጠረጋል። ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥሎ ማስገባት ጭሱን ይቀንሳል፤ ጭስ አለመኖሩ ግን አያዘናጋ። የጋመ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰው ይገድላል። ከአቦል እስከ በረካ መስኮቱ ክፍት ይሁን፤ ቡናው እንዳለቀ ምድጃው ይውጣ።

መጋረጃውን ከመስኮቱ በላይ ከ15 እስከ 20 ሴ.ሜ. ከፍ አድርገው ይስቀሉ፤ ጣሪያው ረዘም ያለ ይመስላል። ጨርቁ የዘንጉን ርዝመት ሁለት እጥፍ ካልሆነ ሲዘጋ ተወጥሮ ይታያል። ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ካለ የከሰዓት ፀሐይ የሶፋ ጨርቅ ያነጣል፣ ስክሪን ላይም ያንጸባርቃል፤ ቴሌቪዥኑን ከመስኮቱ ፊት ለፊት አያድርጉ። ለአምፖል ደግሞ 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የተጻፈበትን ሞቅ ያለ ብርሃን ይፈልጉ፤ 6500 የሚለው ነጭ ብርሃን ማታ ሳሎኑን ያቀዘቅዘዋል።

ለውበቱ፣ ግድግዳው ፈካ ያለ አንድ ቀለም፣ ሶፋው መካከለኛ ቀለም (ግራጫ፣ የቡና ቀለም ወይም ወይራማ አረንጓዴ) ይሁን። ድምቀቱ በትራስ ይምጣ። ጥለት ያለው የሸማ ጨርቅ ለ45 በ45 ሴ.ሜ. ትራስ በጣም ያምራል፤ ሁለት ሦስቱ ይበቃሉ፤ ሁሉም ነገር ጥለት ከሆነ አንዱም አይታይም።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር ካለ ይጠንቀቁ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ በአብዛኛው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው። ድሪሉ ሲከብደው ቆይቶ በድንገት ዘው ካለ ክፍተቱ ላይ ደርሷል፤ ተራ ፊሸር (ብሎን የሚይዘው የፕላስቲክ ማስገቢያ) እዚያ ይሽከረከራል እንጂ አይዝም። ለቀላል ስዕል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ጠንካራውን የብሎኬት ክፍል መፈለግ ይቻላል። ለመደርደሪያ ከኋላ የሚከፈት ማሰሪያ ያስፈልጋል። ከባድ ቴሌቪዥን ማስቀመጫ ላይ ቢቆም ይሻላል፤ ልጅ ጎትቶ እንዳይጥለው ግን ከኋላው በቀበቶ ይታሰር። ረጅም ቁም ሳጥንም እንዲሁ።

ሶፋ ሲያሠሩ ከቀብዱ በፊት አራት ነገር ያስጽፉ፦ እንጨቱ የደረቀ መሆኑን (እርጥብ እንጨት ቤት ገብቶ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሲቀመጡበትም ይንቋቋል)፣ የመቀመጫው ስፖንጅ ዴንሲቲ (እፍጋት) በሜትር ኩብ ቢያንስ 30 ኪ.ግ. መሆኑን፣ ልብሱ በዚፕ ወልቆ የሚታጠብ መሆኑን፣ እግሩና ኮርነሩ በቡሎን የሚፈታ መሆኑን። የመጨረሻው የተረሳ እንደሆነ ያለቀለት ሶፋ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል፤ የበሩንና የመታጠፊያውን ስፋት ለክተው ለአናጢው ይስጡት።