የውሃ ቀለም ደብተሬ አልዘረጋ ሲል

በሙጫ የተጠረዘው ደብተሬ ወለል ብሎ አይከፈትም ነበር። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ተቀምጬ ስስል ገጹ ተመልሶ ይከደናል። ቀለሙም ተንሸራቶ መሃል ወዳለው እጥፋት ይገባል። በጣም ያናድዳል!

መፍትሔውን ያገኘሁት ከብራና መጻሕፍቶቻችን ነው። ጥራዞቻቸው፣ ማለትም አብረው የታጠፉት ሉኮች፣ እርስ በርስ በሰንሰለት ስፌት ይያያዛሉ፤ ክሩም ሽፋን በሆነው የእንጨት ገበታ ቀዳዳ ያልፋል። ጀርባቸው በሙጫ ስላልደረቀ እንደልብ ይዘረጋሉ። እንዴት ያለ ጥበብ ነው!

እኔም እንደዚያው ሰፋሁት። ክሩን በሰም አሸሁት፤ ለገበታው ወፍራም ካርቶን በቃኝ። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነው ወረቀት ወፍራም ስለሆነ በአንድ ጥራዝ ከሁለት ሉክ በላይ አልጨመርኩም።

ትልቁ ነገር ግን የወረቀቱ ቃጫ የተኛበት አቅጣጫ ነው። ሉኩን ሳትቆርጡ በቁመቱም በወርዱም ቀስ ብላችሁ ጎበጥ አድርጉት። በቀላሉ እሺ ባለበት በኩል እጠፉት። ያኔ ቃጫው ከደብተሩ ጀርባ ጋር ትይዩ ይሆናል፤ እጥፉም አይሰነጠቅም። በሌላው በኩል ከታጠፈ ግን እጥፉ ይሻክራል፣ ውሃ ሲነካውም ጀርባው አካባቢ ይጨማደዳል።

አሁን ሜዳ ላይ ሁለት ገጽ ሙሉ የእንጦጦን ተራራ እስላለሁ። ንፋሱ ገጹን እንዳይገልጠው ጫፉን በልብስ መቆንጠጫ እይዘዋለሁ። በክረምት ወረቀቱ ቶሎ ስለማይደርቅ፣ ሳልከድን በፊት በእጄ ጀርባ ነካ አደርገዋለሁ፤ ከቀዘቀዘኝ ገና እርጥብ ነው።