አዲሱ ዕቃ እንቢ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ከደሴ ፒያሳ፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከወልድያ የተገዛ ስልክ፣ ፓወር ባንክ ወይም ፍላሽ ቤት ደርሶ እንቢ ሲል ብዙ ሰው በቀጥታ ጥገና ቤት ይሮጣል። እዚያ «ሶፍትዌር ይጫንለት» ከተባለ ደግሞ ፎቶውም፣ የተመዘገበው ስልክ ቁጥርም ጠፍቶ ይመለሳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ውስጥ አይደለም፤ ኬብሉ፣ ቻርጀሩ፣ ማከፋፈያው ወይም በእጅ የተሞላው ቀን ላይ ነው። ስትፈትሹ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ኬብሉንም ቻርጀሩንም አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደነበረ ሳታውቁ ትቀራላችሁ።

ስልኩ ሰዓታት ሙሉ ተሰክቶም አይሞላም

የቻርጀሩን ጀርባ አንብቡ። «አውትፑት» በሚለው መስመር ላይ 5 ቮልት 1 አምፔር ካለ 5 ዋት ነው። 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ያለውን ስልክ ከባዶ ለመሙላት ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል፣ ያውም ስክሪኑ ጠፍቶ። 5 ቮልት 2 አምፔር ከሆነ 10 ዋት ነው፣ በግማሹ ጊዜ ገደማ ይሞላል። «ፈጣን» የሚባሉት ብዙዎቹ ቮልቱን ወደ 9 እና ከዚያ በላይ ያሳድጋሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን ስልኩና ቻርጀሩ ከተግባቡ ብቻ ነው። የሳምሰንግ 25 ዋት ለምሳሌ ፒፒኤስ የሚባለውን አሠራር የሚያውቅ ቻርጀር ይፈልጋል፤ ሌሎች ኩባንያዎችም የየራሳቸው አላቸው። ካልተግባቡ ቻርጀሩ ላይ 65 ዋት ቢጻፍም ስልኩ በ10 ወይም በ15 ዋት ይሞላል። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፤ አይተዋወቁም እንጂ።

ቻርጀሩ ደህና ከሆነ ተጠርጣሪው ኬብሉ ነው። ረጅምና ቀጭን ኬብል መንገድ ላይ ቮልት ያስቀራል። አንዳንዱ ኬብል ላይ ኤደብሊውጂ (AWG) ከሚል ጽሑፍ ጋር ቁጥር ይታተማል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል፣ ስለዚህ ከ28 ይልቅ 24 የሚለውን ውሰዱ። ለማወዳደር አምፔር (Ampere) የሚባለውን አፕ ጫኑ፤ የስልኩ ባትሪ ከ50 በመቶ በታች ሳለ በአንድ ቻርጀር ሁለት ኬብሎችን እያፈራረቃችሁ ቁጥሩን እዩ፤ ከፍ ያለ ቁጥር የሚያሳየው ይሻላል። ከ80 በመቶ በላይ ስልኩ ራሱ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ያኔ የሚለካው አያመለክትም።

ኬብሉ ሲሰካ እስከ መጨረሻው ካልገባ፣ ወይም በትንሽ ንቅናቄ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ቀዳዳው ውስጥ አቧራና የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቋል። ስልኩን አጥፉ፤ በእንጨት የጥርስ መፋቂያ በቀስታ ከጎን ወደ ውጭ ጎርጉሩት። በመርፌ አይሆንም፤ መሃል ያለችውን ምላስ ከነካችሁ የዳነው ይሞታል። በአፍ መንፋትም እርጥበት ይጨምራል።

በታይፕ ሲ ቻርጀር ጭራሽ አይሞላም

ስፒከሩ፣ የእጅ ባትሪው ወይም ጆሮ ማዳመጫው ታይፕ ሲ ቀዳዳ አለው፤ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ኬብል ሲሰካ ግን መብራቱ እንኳን አይበራም። ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የታይፕ ሲ ቻርጀር ከወዲያኛው ጫፍ ምልክት ሳያገኝ ኤሌክትሪክ አይለቅም። ምልክቱን የሚሰጡት ዕቃው ውስጥ መኖር ያለባቸው ሁለት ባለ 5.1 ኪሎ ኦህም ሬዚስተሮች (ኤሌክትሪክን የሚገቱ ጥቃቅን ክፍሎች) ናቸው፤ ርካሽ ዕቃ ላይ ወጪ ለመቆጠብ ይተዋሉ። የድሮው ሰፊው የዩኤስቢ ቀዳዳ ግን ሳይጠይቅ 5 ቮልት ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ጫፉ ሰፊው ዩኤስቢ፣ ሌላው ታይፕ ሲ የሆነ ኬብል ተጠቀሙ፤ አለቀ።

ፓወር ባንኩ የተጻፈበትን ያህል አይሰጥም

20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚለው ቁጥር የሚቆጠረው ውስጥ ባሉት ሴሎች (ትንንሽ ባትሪዎች) ቮልት፣ በ3.7 ነው። ወደ ጉልበት ስንቀይረው 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። ቮልቱ ሲቀየር በሙቀት የሚባክነውን 15 በመቶ ገደማ ብንቀንስ 63 ይተርፋል። የ5,000 ስልክ ደግሞ 19 ዋት ሰዓት አካባቢ ይይዛል። ስለዚህ እውነተኛ 20,000 ሦስት ጊዜ ያህል ይሞላል፣ አራት ጊዜ አይጠበቅም። ሦስት ካደረሰ አልተታለላችሁም።

አንዴ ሞልቶ የሚያልቅ ከሆነ ግን ሚዛን ላይ አውጡት። የሸቀጥ ሱቅ ሚዛን ይበቃል። ክቡ ባለ 18650 ሴል ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ የሚይዘው ቢበዛ 3,500 አካባቢ ነው። 20,000 የተባለ ፓወር ባንክ 270 ግራም እንኳን ካልሞላ ቁጥሩ ውሸት ነው። መዳፍ ላይ የሚቀመጠው «50,000» ደግሞ ሂሳቡ ጨርሶ አይገጥምም፤ ሴሎቹ ብቻ 700 ግራም ያህል መሆን ነበረባቸው። እንዲህ ያለው ውስጡ አሸዋ ወይም ብረት ተሞልቶበትም ይገኛል፤ እና ክብደቱ መሙላቱ ብቻውን ምስክር አይሆንም፣ ማነሱ ግን ይሆናል።

ጆሮ ማዳመጫ ስትሰኩበት ከደቂቃ በኋላ የሚጠፋው ጤነኛ ነው። የሚሳበው ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ ምንም የተሰካ አይመስለውም። ብዙዎቹ ላይ ቁልፉን ሁለቴ መጫን ወይም ተጭኖ መቆየት ለትንንሽ ዕቃ የተሠራውን አሠራር ያበራል።

መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም ይጠፋል

አብዛኛው የቤት ራውተር የሚሠራው በ12 ቮልት ነው፤ አምፔሩን ከአዳፕተሩ ላይ አንብቡ። ከፓወር ባንክ 5 ቮልት ወስዶ 12 የሚያደርግ ኬብል ገበያ ላይ አለ። ራውተሩ በርቶ፣ ጠፍቶ፣ እንደገና የሚበራ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው፦ 12 ቮልት 1 አምፔር ለማውጣት ከ5 ቮልቱ በኩል 3 አምፔር ገደማ ያስፈልጋል፣ የፓወር ባንኩ ቀዳዳ ግን 2 ብቻ ይሰጣል። ራውተሩ ሲነሳ ጉልበት ስለሚያጥረው ይወድቃል።

የሚያዋጣው ሚኒ ዩፒኤስ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ ትንሽ የባትሪ ሳጥን ማለት ነው። ስትገዙ ቮልቱ ከራውተሩ ጋር እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። የመሰኪያው ውፍረት ብዙ ጊዜ 5.5 በ2.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ 5.5 በ2.5 የሆነም ስላለ የራውተሩን አዳፕተር ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሰክታችሁ ሞክሩ። መሃሉ ፖዘቲቭ መሆኑን የሚያሳየውን ምልክትም አመሳክሩ፤ ከተገለበጠ ራውተሩ ሊቃጠል ይችላል። 8,800 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ሚኒ ዩፒኤስ 7 ዋት የሚበላ ራውተርን አራት ሰዓት አካባቢ ያቆያል።

ራውተሩ በርቶ ኢንተርኔቱ ብቻ ከጠፋስ? የፋይበር መስመር ከሆነና ፋይበሩ የሚገባበት ሳጥን ለብቻው ከሆነ እሱም መብራት ይፈልጋል፤ ሁለቱንም ዩፒኤስ ላይ አድርጉ። በሲም የሚሠራ ከሆነ ደግሞ የሰፈሩ የኔትወርክ ማማ ባትሪው አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ከቤት የሚደረግ ነገር የለም።

በብርድ ይጠፋል፣ በሙቀት አይሞላም

ወሎ ውስጥ በአንድ ቀን ሁለቱም ያጋጥማል። ደጋው ጉጉፍቱ ላይ ማለዳ 20 በመቶ እያለው ድርግም የሚል ስልክ ኮምቦልቻ ሲወርድ ምንም እንዳልሆነ ይሠራል። ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪኩን የሚገታው የውስጥ መከላከያው ይጨምራል፤ ካሜራ ሲከፈት በድንገት የሚጠየቀውን መስጠት ያቅተዋል። ስልኩን ከጋቢው ውስጥ ወደ ገላ አስጠግቶ መያዝ ይበቃል፣ አብሽሩ። ይህ በብርድ ብቻ ሳይሆን በሞቃት ቀንም የሚደጋገም ከሆነ ግን ባትሪው አርጅቷል፤ መቀየር ነው።

በቆቦ ሜዳ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ተሰክቶ የማይሞላው ደግሞ ራሱን እየጠበቀ ነው። ይህ ዓይነቱ ባትሪ ቻርጅ የሚደረገው በተለምዶ ከ0 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው፤ ሲያልፍ ስልኩ ያቆማል። ከፀሐይ አንሱት፣ ሽፋኑን አውልቁ፣ ጠብቁ። ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተት ውስጡ ጤዛ ያስይዛል። የስልኩ ጀርባ ካበጠ ወይም ስክሪኑ ከፍ ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ መጫንም መብሳትም አደጋ ነው፣ ከቻርጅ ነቅላችሁ ለባለሙያ ስጡ።

ፋይሉ ተገልብጧል፣ ሲከፈት ግን አይሠራም

ፍላሽ ወይም ሚሞሪ ላይ መጀመሪያ የገቡት ፋይሎች ደህና ሆነው በኋላ የገቡት ቪዲዮዎች ከተሰባበሩ፣ ፎቶውም ግማሹ ግራጫ ከሆነ፣ ዕቃው የተጻፈበትን ያህል አይዝም። ውስጡ ያለችው መቆጣጠሪያ ቺፕ በውሸት «1 ቴራባይት» እንድትል ተደርጋለች፤ እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ የሚገባው በቀድሞው ላይ ይጻፋል ወይም የትም አይገባም።

ማረጋገጫው ኤች ቱ ቴስት ደብሊው (H2testw) የሚባል ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ ሊነክስ ላይ ኤፍ ስሪ (F3) አለ። ባዶውን ዕቃ እስከ ጫፉ ይሞላና መልሶ ያነባል። 64 ጊጋ ቀርፋፋ ፍላሽ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ሠርግ ከመቅረጹ በፊት የሚጠፋ ሰዓት ነው። ውሸት ከሆነ ፎርማት ማድረግ አያድነውም፤ ለሻጩ መልሱት። ስትገዙ «ፈትሼ ውሸት ከሆነ እመልሳለሁ» በሉ፤ የዚህን ጊዜ ሻጩ ራሱ ሌላ ያወጣላችኋል።

64 የተባለው ኮምፒውተር ላይ 59.6 ቢል ግን ማታለል አይደለም። ፋብሪካው በሺህ፣ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው።

ባዶ ቦታ እያለ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ካለ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት 32 በሚባለው የቆየ የፋይል አቀማመጥ ነው፤ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ውስጡ ያለውን አውጥታችሁ በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት። የቆየ ዲኮደርና የመኪና ቴፕ ኤክስፋት ላያነብ ይችላል፤ ለእነሱ ፋት 32ን እንዳለ ትቶ ቪዲዮውን መቁረጥ ይሻላል።

ድረ ገጹ ሁሉ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላል

አንድ ገጽ ብቻ ከሆነ የገጹ ችግር ነው። ሁሉም ከሆነ ቀኑን እዩ። ባትሪው ጨርሶ አልቆ የተነሳ ስልክ ቀን ሲጠይቅ አንዳንዱ ሰው ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ይሞላል። ስልኩ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ስለሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት ሰርተፊኬት ዕድሜው አጭር ነው፣ በፈረንጆቹ ከ2020 ወዲህ የሚወጣው ከ398 ቀን አይበልጥም፤ ስለዚህ ለዚያ ስልክ ሰርተፊኬቱ ገና አልተወለደም።

ሰዓቱን በሀገራችን አቆጣጠር መሙላት ጉዳቱ ስውር ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ብሎ 2፡00 የሞላ ሰው ስድስት ሰዓት ይዛነፋል፤ ገጾቹ ይከፈታሉ፣ በየ30 ሴኮንዱ የሚቀያየረው የማረጋገጫ ኮድ ግን «ስህተት» እያለ ይመልሰዋል። መፍትሄው ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓትን አውቶማቲክ ማድረግ፣ የሰዓት ክልሉንም አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ላይ ማስቀመጥ ነው። የኢትዮጵያን ቀን ለማየት የካላንደር አፕ ጫኑ። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑን የሚረሳ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ክብ ባትሪ አልቃለች።

አማርኛው ተበላሽቶ ይታያል

እንደ መልኩ ነው። ሳጥን ሳጥን ከሆነ ፊደሉ አለ፣ ፎንቱ የለም፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮጲክ ጫኑ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ከሆነ ጽሑፉ ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚያውቀው የፊደል ቁጥር አሰጣጥ) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው፤ ያንኑ ፎንት መጫን ወይም ወደ ዩኒኮድ መቀየር ያስፈልጋል። ጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ፊደሎቹ ከፋይሉ ወጥተዋል፤ ምንም ቢጫን አይመለሱም፣ ላኪው እንደገና ይላክ።

ኤክሴል ላይ የተከፈተ የጽሑፍ ፋይል (CSV) ውስጥ ጭረት የተደረገባት የላቲን ኤ (á) በየሦስት ምልክቱ እየተደጋገመች ከታየች ግን አማርኛው ደህና ነው፣ አንባቢው ነው የተሳሳተው። አንድ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የዩኒኮድ አቀማመጥ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ኤክሴል እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እንደ አንድ ፊደል እያነበበ ነው። ፋይሉን በሁለት ክሊክ አትክፈቱት። ባዶ ኤክሴል ክፈቱ፣ ዳታ ውስጥ «ፍሮም ቴክስት» የሚለውን ምረጡና የፋይሉን ምንጭ 65001 (ዩቲኤፍ 8) አድርጉ። ማተሚያ ቤት ስትሄዱ ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱ፤ የእነሱ ኮምፒውተር የእናንተ ፎንት ላይኖረው ይችላል።

ፓኬጁ በአንድ ሌሊት አለቀ

ላፕቶፑ ከስልክ ሆትስፖት ጋር ሲገናኝ ያልተገደበ ዋይፋይ ያገኘ ይመስለዋል፤ ዊንዶውስ ያጠራቀመውን ማሻሻያ ሁሉ ያወርዳል። ዋይፋዩ ስም ላይ ገብታችሁ «ሚተርድ ኮኔክሽን» (ዳታው የሚቆጠር ግንኙነት) የሚለውን አብሩ። በሆትስፖት የሚጠቀም ሌላ አንድሮይድ ስልክ ካለም እዚያው የኔትወርኩ ዝርዝር ውስጥ «ሚተርድ» አድርጉት፣ ቴሌግራም ላይም የቪዲዮ አውቶማቲክ ማውረድን ለሞባይል ዳታም ለዋይፋይም ዝጉት።