ወደብ ከመግባት በፊት በሚደረግ የመርከብ መሪ ፍተሻ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የመርከቡን አቅጣጫ የሚያዞረውን መሪ ፍተሻ የወደብ ፓይለት፣ ማለትም መርከቡን ወደ ወደብ የሚያስገባው የአካባቢው ባለሙያ፣ ወደሚሳፈርበት ቦታ እስኪደረስ ድረስ ማቆየት በቀላሉ የሚፈጸም ስህተት ነው። በዚያ ሰዓት ጉድለት ቢገኝ መርከቡን አቁሞ ለመጠገን የሚያስችል ሰፊ ውኃ አይኖርም። በተለምዶ ሶላስ የሚባለው የባሕር ላይ ደኅንነት ዓለም አቀፍ ስምምነት መርከብ ከወደብ ከመነሣቱ በፊት ባሉት 12 ሰዓታት ውስጥ መሪው እንዲፈተሽ ያዝዛል፤ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ወደ አገሪቱ ውኃ በሚገቡ ትልልቅ መርከቦች ላይ ይህንኑ የ12 ሰዓት ገደብ ይጥላል። በገደቡ ውስጥም ቢሆን ባሕሩ ገና ሰፊ የሆነበትን ጊዜ መምረጥ ይሻላል።

ከዚህ የከፋው ስህተት በማዘዣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን የመሪ ማዕዘን አመልካች ብቻ አይቶ ፍተሻውን እንደተፈጸመ መቁጠር ነው። አመልካቹ የሚናገረው የተላከለትን ምልክት እንጂ ውኃ ውስጥ ያለው የመሪ ክንፍ በእርግጥ የቆመበትን ቦታ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው በመሪ ማሽን ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ መሪው ከመካከል ወደ 10፣ ወደ 20፣ በመጨረሻም ወደ 35 ዲግሪ በየጎኑ ሲዞር፣ በማሽኑ ላይ የተቀረጸውን መለኪያ እያነበበ በስልክ ለማዘዣ ክፍሉ ሊናገር ይገባል፤ በዚሁም የግንኙነት መስመሩ አብሮ ይፈተሻል። ይኸው ሰው የዘይት ጋኑን መጠን፣ የቧንቧዎቹን መጋጠሚያና በሲሊንደሮቹ ሥር የተንጠባጠበ ዘይት መኖሩን ይመልከት። በ1978 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሞኮ ካዲዝ የተባለው የነዳጅ ጫኝ መርከብ በፈረንሳይ ጠረፍ አለት ላይ የወጣው የመሪው ሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት የሚሠራው፣ መሥመር ተሰብሮ ዘይቱ ስለፈሰሰ ነበር፤ ከ220,000 ቶን በላይ ድፍድፍ ነዳጅም ባሕር ውስጥ ገባ።

ለመሪው ማሽን የዘይት ግፊት የሚሰጡትን ሁለቱን ፓምፖች አንድ ላይ አስነሥቶ መሞከርም ያሳስታል፤ ደካማው በብርቱው ይሸፈናልና። እያንዳንዱ ፓምፕ፣ ከማዘዣ ክፍሉ የሚመጣው እያንዳንዱ የመቆጣጠሪያ መስመርም በተናጠል ይሞከር፤ ከዚያ ወደ ጠባብ ውኃ ሲገባ ሁለቱም ፓምፖች እንዲሠሩ ይደረጋል። የዋናው መሪ ማሽን ደረጃ፣ መርከቡ በሙሉ ጭነትና በከፍተኛ የአገልግሎት ፍጥነት ሲጓዝ፣ መሪውን ከአንድ ጎን 35 ዲግሪ ወደ ሌላው ጎን 30 ዲግሪ በ28 ሰከንድ ውስጥ ማድረስ ነው። መርከቡ በዝግታ ሲሄድ ይህን ቁጥር ማሟላቱ ብዙ አያስመካም፤ የሚሻለው የዕለቱን ጊዜ መርከቡ ራሱ ቀደም ሲል በተመሳሳይ ሁኔታ ካስመዘገበው ጋር ማወዳደር ነው።

ለረጅም ጊዜ በአውቶፓይለት፣ ማለትም አቅጣጫውን በራሱ በሚጠብቅ መሣሪያ፣ የተጓዘ መርከብ በእጅ መሪነት ሳይሞከር ወደ ወደብ መስመር መግባት የለበትም፤ በሙከራውም የመሪ ያዡ እጅ ከመሪው ጋር ይለማመዳል።

የአደጋ ጊዜ ጀነሬተሩን ያለ ጭነት ለአፍታ አስነሥቶ ማጥፋት የሚያረጋግጠው ሞተሩ መነሣቱን ብቻ ነው። ዋናው ኃይል ሲቋረጥ ራሱ ተነሥቶ የኤሌክትሪክ መስመሩን በ45 ሰከንድ ውስጥ መረከብ ስላለበት፣ ይህ ራሱ በታቀደ ጊዜ ሊፈተሽ ይገባል። ዋናው ሞተር ወደ ኋላ መሄዱ፣ መልሕቁም ከማሰሪያው ተፈትቶ ለመጣል መዘጋጀቱ በዚሁ ጊዜ ይታያሉ፤ የፓይለት መሰላሉ፣ ፊሽካውና የጉዞ መብራቶቹም እንዲሁ።

በመጨረሻ፣ ፍተሻው ሳይደረግ በመዝገብ ላይ የሚሰፈር የ«ተፈትሿል» ምልክት አለ፤ ይህን ስህተት ማለት ራሱ ያንሰዋል። የተገኘን ጉድለት፣ ለምሳሌ የአንድ ፓምፕ መዘግየትን፣ መርከቡ እንዳይታገድ በሚል ከፓይለቱ መደበቅም ያው ነው። ፓይለቱ ፍጥነቱን የሚወስነውና ጎታች ጀልባ ቀድሞ የሚያዝዘው በተነገረው መሠረት ስለሆነ፣ ጉድለቱ ገና ከመሳፈሩ በፊት በሬዲዮ ሊደርሰው ይገባል።