የኮምፒውተር ደህንነት ዜናን ሳይደናገጡም ሳይዘናጉም የማንበብ ዘዴ

ስለ ኮምፒውተር ደህንነት የሚወጣ ዜና ርዕሱ ሁልጊዜ አስደንጋጭ ነው። «ሚሊዮኖች ለጥቃት ተጋለጡ» የሚለውን ያነበበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ደንግጦ ለሚያውቀው ሰው ሁሉ ያዳርሳል፣ ወይ «እንደለመዱት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ዜናው ከአንባቢው የሚፈልገው ሥራ ካለ ግን ብዙውን ጊዜ ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ነው፤ አስቸጋሪው ሥራው መኖር አለመኖሩን መለየቱ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል እኔ ራሴ የምከተለውና በተለይ ኮምፒውተሩን ለሥራም ለጌምም ለሚጠቀም ሰው ይበጃል ብዬ የማምንበት ነው።

በመጀመሪያ ርዕሱን ትቶ የክፍተቱን (ጥቃት አድራሽ ሊጠቀምበት የሚችለውን የሶፍትዌር ጉድለት) መለያ መፈለግ ያስፈልጋል። ከ1999 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በይፋ ለሚታወቁ የሶፍትዌር ክፍተቶች ሲቪኢ የሚባል፣ ዓመትና ተራ ቁጥር የያዘ መለያ ይሰጣቸዋል። ዘጋቢዎች ለክፍተቱ የፈለጉትን ቅጽል ስም ቢያወጡለትም ቁጥሩ አንድ ስለሆነ፣ በእሱ ተመርቶ አምራቹ ራሱ ያወጣውን ማስታወቂያ ማግኘት ይቻላል። በዚያ ማስታወቂያ ውስጥ የሚፈለገው የምርቱ ስም፣ ክፍተቱ ከየትኛው እስከ የትኛው ቨርዥን እንዳለ፣ ማስተካከያውም በየትኛው ቨርዥን እንደገባ ነው። እነዚህን ሳይጠቅስ ስለ ክፍተት የሚያወራ ዘገባ ካጋጠመኝ ሌላ ምንጭ እስካገኝ ድረስ አስተያየት አልሰጥበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ይህ ነገር እኔ ዘንድ አለ ወይ?» የሚለው ነው፤ አብዛኛው ስህተት የሚፈጸመውም እዚህ ላይ ነው። በዲሴምበር 2021 ይፋ የሆነው፣ ሎግ ፎር ጄ ላይ የተገኘው ሎግ ፎር ሼል የተባለ ክፍተት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሎግ ፎር ጄ በጃቫ የተጻፉ ፕሮግራሞች የሚያከናውኑትን ነገር በመዝገብ የሚያሰፍርላቸው የሶፍትዌር ክፍል ሲሆን፣ የማይንክራፍት ጌም የጃቫ እትምም ይጠቀምበት ነበር። አንድ ተጫዋች በጌሙ የውይይት ሳጥን ውስጥ በተለየ መንገድ የተቀናበረ አንድ መስመር ከጻፈ፣ ጌሙ እንደማንኛውም መልእክት ሊመዘግበው ይሞክራል፤ ሎግ ፎር ጄ ግን ጽሑፉን እንዳለ በማስፈር ፈንታ እንደ ትእዛዝ ይቆጥረውና በውስጡ ወደተጠቀሰው አድራሻ ሄዶ የጥቃት አድራሹን ኮድ አምጥቶ ያስኬዳል። መልእክቱ ተጫዋቾቹን የሚያገናኘውን ዋና ኮምፒውተር ማለትም ሰርቨሩንም ሆነ የሌሎቹን ተጫዋቾች ኮምፒውተር ለማጥቃት ይበቃ ነበር። አንዲት መስመር ጽሑፍ ይህን ሁሉ ማድረጓ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ይሁንና ዜናው ለሁሉም ተጫዋች እኩል አልነበረም። ኦሪጅናሉን የጃቫ እትም የሚጫወት ሰው ጌሙንና ማስጀመሪያውን (ጌሙን የሚከፍተውን ፕሮግራም) ዘግቶ እንደገና በመክፈት ማስተካከያውን ማግኘት ይችል ነበር። በሌሎች ሰዎች የተሻሻለ ማስጀመሪያ የሚጠቀም ሰው ግን ማስተካከያው በራሱ ላይመጣለት ስለሚችል ያዘጋጁትን ሰዎች መልስ መጠበቅ ነበረበት፤ የራሱን ሰርቨር የሚያስተዳድር ደግሞ ወደ 1.18.1 ማሳደግ ወይም አምራቹ የዘረዘረውን ማስተካከያ በእጁ ማስገባት ግድ ሆኖበት ነበር። በስልክ የሚጫወተው የቤድሮክ እትም ተጠቃሚ ጉዳዩ ጭራሽ አልነካውም። እኔ በዚያ ሰሞን ዜናውን እንዳነበብኩ ለወዳጆቼ በሙሉ «ማይንክራፍትን እንዳትከፍቱ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ግማሾቹ በስልክ እንደሚጫወቱ ያስታወስኩት መልእክቱ ከተላከ በኋላ ነው። ስለዚህ አስተያየት ከመስጠት በፊት የራስን ቨርዥን አይቶ ማረጋገጥ ይገባል፤ በዊንዶውስ ላይ የስርዓቱን ቨርዥን «ሴቲንግስ» ገብቶ፣ ከ«ሲስተም» ሥር «አባውት» የሚለውን በመክፈት ማየት ይቻላል፤ የጌሞቹ ቨርዥን ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመግቢያ ገጻቸው ጥግ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ሰዎች ከሚገባው በላይ የሚጨነቁበት ነገር ከ0 እስከ 10 የሚሰጠው የክብደት ነጥብ ነው። ሎግ ፎር ሼል 10 አግኝቷል፤ ይገባዋልም። ሆኖም በ2014 ከሰርቨሮች ማህደረ ትውስታ የይለፍ ቃልና የምስጢር ቁልፍ ሳይቀር ለማውጣት ያስቻለው ሃርትብሊድ የተባለው ክፍተት በወቅቱ በነበረው የአሰጣጥ ስልት ያገኘው 5 ብቻ ነበር። ከነጥቡ ይልቅ ነጥቡ የተሠራባቸውን ዝርዝሮች ማንበብ ይጠቅማል፦ ጥቃቱ በኢንተርኔት ከሩቅ ሊፈጸም ይችላል ወይስ ጥቃት አድራሹ አስቀድሞ ማሽኑ ውስጥ መግባት አለበት? ተጠቃሚው ፋይል እንዲከፍት ወይም አንድ ነገር እንዲጫን ይፈልጋል ወይ? ነጥቡ 9 ሆኖ በእጄ በማይገኝ የድርጅት መሣሪያ ላይ ከተገኘ ክፍተት ይልቅ፣ በየቀኑ በምጠቀመው ብራውዘር ላይ ያለው ባለ 7 ነጥብ ክፍተት እኔን ይበልጥ ያሳስበኛል።

ከነጥቡ የበለጠ የሚመዝነው ክፍተቱ በተግባር ጥቃት እየደረሰበት መሆኑ ነው። የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ተቋም የሆነው ሲሳ ከኖቬምበር 2021 ጀምሮ ጥቃት እንደተፈጸመባቸው የተረጋገጡ ክፍተቶችን መዝገብ ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ይይዛል። የሚጠቀሙበት ምርት እዚያ መዝገብ ውስጥ ከገባ ማስተካከያውን ለነገ ማሳደር አይገባም። ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር (ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጎጂ ፕሮግራም) በሜይ 12 ቀን 2017 በዓለም ዙሪያ ሲዛመት የተጠቀመበትን ክፍተት የሚዘጋው ማዘመኛ ከማርች 14 ጀምሮ ወጥቶ ነበር። ከጥቃቱ በኋላ ማዘመኛውን ለመጫን የተደረገው ሩጫ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ዓይነት ነበር።

ይህ ማለት ግን ማንኛውንም ማዘመኛ በወጣበት ደቂቃ መጫን ይገባል ማለት አይደለም። በጁላይ 19 ቀን 2024 በማይክሮሶፍት ግምት ወደ 8.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የዊንዶውስ ማሽኖች ሲቆሙ ብዙ ሰው የሳይበር ጥቃት ነው ብሎ ነበር፤ እውነታው ግን ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ስህተት ያለበት የማዘመኛ ፋይል መልቀቁ ነበር። እንግዲህ የእኔ ልማድ እንዲህ ነው፦ ጥቃት እየተፈጸመበት ያለን ክፍተት የሚዘጋውን በዚያው ቀን እጭናለሁ፤ አዲስ ገጽታ ብቻ የሚያመጣውን ወይም የግራፊክስ ካርድ ድራይቨሩን (ስርዓቱ ካርዱን እንዲያዝ የሚያስችለውን ፕሮግራም) ግን ሌሎች ሞክረውት ቅሬታቸው እስኪሰማ ድረስ ጥቂት ቀናት አቆየዋለሁ። በሁለቱም ሁኔታ የአስፈላጊ ፋይሎች ቅጂ ከኮምፒውተሩ ውጭ መኖር አለበት።

ጌምን የሚመለከቱ የደህንነት ዜናዎች ለብቻቸው መታየት ያለባቸው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው መፍትሔ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። በ2022 ራንሰምዌር ያሰራጩ ሰዎች የገንሺን ኢምፓክት ጌም የማጭበርበር መከላከያ ድራይቨርን ተጠቅመው የጸረ ቫይረስ ፕሮግራሞችን እንዳጠፉ ተዘገበ። ይህን ያነበበ ተጫዋች ጌሙን ለማጥፋት ይቸኩል ይሆናል። ነገር ግን ድራይቨሩን ይዘውት የሚመጡት ጥቃት አድራሾቹ ራሳቸው ናቸው፤ ሕጋዊ ፊርማ ስላለውና በስርዓቱ እምብርት በከርነል ውስጥ ስለሚሠራ፣ ጌሙ ተጭኖ በማያውቅ ኮምፒውተር ላይም ያገለግላቸዋል። ትክክለኛው እርምጃ በዊንዶውስ 11 «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ ገብቶ፣ በ«ዲቫይስ ሴኩሪቲ» ሥር «ኮር አይሶሌሽን» የሚለውን ከፍቶ፣ ተጋላጭ ድራይቨሮችን የሚያግደው አማራጭ መብራቱን ማየት ነው። አንድ ጌም በከርነል ደረጃ ፕሮግራም ማስገባቱ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ክርክር ተገቢ ክርክር ነው፤ እኔም አልወደውም፤ ግን ከዚህ ዜና ጋር ሊደባለቅ አይገባም።

የይለፍ ቃል መውጣትን የሚመለከት ዜና ሲመጣ ደግሞ ከብዛቱ ይልቅ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይሻላል። በጁን 2025 «16 ቢሊዮን የይለፍ ቃሎች ወጡ» የተባለው፣ በአብዛኛው መረጃ መንታፊ ማልዌሮች (ጎጂ ፕሮግራሞች) ከተለያዩ ኮምፒውተሮች የለቀሙት ክምችት እንጂ አንድ ትልቅ ኩባንያ ተሰብሮ የተገኘ አልነበረም። ልዩነቱ የሚወሰደውን እርምጃ ይለውጠዋል። ኩባንያው ከተሰበረ በዚያ አገልግሎት ላይ ያለውን የይለፍ ቃል መቀየርና ያንኑ ቃል የተጠቀሙበትን ሌላ ቦታ ሁሉ ማስተካከል ይበቃል። ማልዌሩ ያለው በራስ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ግን በዚያው ማሽን ላይ የይለፍ ቃል መቀየር ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው፤ አዲሱም ይወሰዳል። በፌብሩዋሪ 2025 የጌም መሸጫው የስቲም ባለቤት የሆነው ቫልቭ ፓይሬትፋይ የተባለውን ጌም ማልዌር ስለተገኘበት ከስቲም አንስቶ፣ ጌሙን ላስጀመሩት ሰዎች ኮምፒውተራቸውን በሙሉ በጸረ ቫይረስ እንዲፈትሹ፣ ስርዓተ ክወናውን እንደ አዲስ መጫንንም እንዲያስቡበት ያሳሰባቸው ለዚህ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም በሌላ ንጹሕ መሣሪያ መጀመሪያ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል መቀየር፣ ቀጥሎ ከሁሉም መሣሪያዎች መውጣት፣ ከዚያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ማብራት ያስፈልጋል። ከሁሉም መሣሪያዎች የመውጣቱ ነገር ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ነገር ግን መንታፊው አንድ ጊዜ ከገቡ በኋላ መሣሪያው የሚያስቀምጠውን የተከፈተ ግንኙነት መለያ ከወሰደ ያለ ይለፍ ቃልም ሊገባ ይችላል።

ይህን ሁሉ ካጣራ በኋላ ለወዳጆቹ ማሳወቅ የሚፈልግ ሰው የዜናውን አገናኝ ብቻ ከመወርወር ይልቅ ምርቱን፣ ቨርዥኑንና የሚደረገውን ነገር በሦስት መስመር ቢጽፍ ይመረጣል። እኔ በዚያ ዲሴምበር ልጽፈው ይገባኝ የነበረው መልእክት ይህን ይመስል ነበር፦ «የማይንክራፍትን የጃቫ እትም የምትጫወቱ፣ ጌሙንና ማስጀመሪያውን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱ። የራሳችሁ ሰርቨር ያላችሁ ወደ 1.18.1 አሳድጉ፤ እስከዚያ ድረስ ዝጉት። በስልክ የምትጫወቱ ምንም ማድረግ አያስፈልጋችሁም።»