ጡትሽ ላይ ስብ ተሞልተሽ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ልትነሺ ነው? ይህችን ወረቀት ያዢ

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ከግራ ጡቴ ላይ ዕጢው ወጥቶ፣ ጨረሩንም ጨርሼ፣ ቦታው ሰርጎድ ብሎ ቀረ። ከሆዴ ስብ ተወስዶ በመርፌ ተሞላልኝ፣ 80 ሲሲ። ሆዴም እግረ መንገዱን ቀነሰ፤ ደንበኞቼ ምን በልተሽ ነው እያሉ ይጠይቁኛል።

ከዓመት በኋላ ገላዬን ስታጠብ ሽምብራ የምታህል ጠጠር ነገር ዳሰስኩ። እጄ ሳሙናው ላይ ደርቆ ቀረ። የማሞግራም ፊልም የተነሳሁበት ቦታ ያየኝ ሐኪም ፊቱ ተለዋወጠና ናሙና ይወሰድ አለ። ስብ መሞላቴን አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝ። ውጤቱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የሞተ ስብ ነበር።

ነገሩ እንደ ችግኝ ነው። የተሞላው ስብ ሁሉ አይጸድቅም። ደም ያላገኘው ይሞትና ወደ ዘይት ይለወጣል፣ ሰውነት ዙሪያውን ከረጢት ይሠራበታል፣ ውሎ አድሮ ካልሲየም ይለብሳል። በማሞግራም ላይ መሃሉ ጥቁር፣ ዳሩ እንደ እንቁላል ቅርፊት ቀጭን ነጭ ሆኖ ከታየ ጉዳት የለውም። የሚያስቸግረው ካልሲየሙ ገና ነጠብጣብ ሳለ ነው፤ ከካንሰር ነጠብጣብ ጋር ይምታታል። የአሜሪካ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በ1987 (በፈረንጆቹ) ጡት ውስጥ ስብ መሙላትን የተቃወመው በዚሁ ስጋት ነበር። በ2009 አቋሙን አለዘበ።

ስለዚህ ስቡ ከመሞላቱ በፊት ማሞግራም ተነሺና ሲዲውን አስቀምጪ። ከተሞላ በኋላ ደግሞ ሐኪምሽን ወረቀት ጠይቂ፦ መቼ፣ ከየት ተወስዶ፣ የጡትሽ የቱ ጋ፣ ስንት ሲሲ። እኔ እንደ ልማዴ በፓተርን ወረቀት ላይ ሁለት ጡት ስዬ ቦታውን ምልክት አደረግሁ። እዚህ ጋ ተጠንቀቂ። ሐኪሞች ጡትን እንደ ሰዓት ፊት ነው የሚቆጥሩት። «2 ሰዓት» ሲሉ መደወያው ላይ 2 የተጻፈበትን ቦታ ማለታቸው ነው። በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ካልሽ ጣትሽ 8 ላይ ያርፋል፣ ከጡትሽ ሌላኛው ጫፍ!

በቀጠሮው ቀን ዲዮዶራንት፣ ፓውደር፣ ቅባት አይነካሽ፤ ፊልሙ ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ቀሚስ ሳይሆን ሸሚዝ ልበሺ። የድሮውን ፊልም ያዢ። እኔ አንዴ ባጃጅ ውስጥ ረስቼው አቶቴ ድረስ ስፈልገው ዋልኩ፣ ከዚያ ወዲህ ኮፒ አለኝ። ማሽኑ ጡትሽን ሳይጫን በፊት «እዚህ ጋ ስብ ተሞልቻለሁ» በይ። አልትራሳውንድ ከተጨመረብሽ አትደንግጪ።

ጡቷ ሙሉ በሙሉ የወጣላት እህት በዚያ በኩል በየዓመቱ ማሞግራም ላያስፈልጋት ይችላል። የቀረው ጡቷ ግን ያስፈልገዋል።

ውጤቱ ላይ ባይራድስ (BI-RADS) የሚል ቁጥር ፈልጊ፤ ሐኪሞች የታየው ነገር ምን ያህል እንደሚያሰጋ የሚገልጹበት ደረጃ ነው። 2 ጤናማ ነው። 3 ካለ ጤናማ ይመስላል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ተመለሺ ነው፤ እንዳትቀሪ። 4 እና 5 ናሙና ይፈልጋሉ። 0 ምርመራው አላለቀም ማለት ነው።

ደግሞ አዲስ እብጠት ሁሉ ስብ ነው ብለሽ አትተዪ። እያደገ ከሄደ፣ ቆዳውን ወደ ውስጥ ከሳበ፣ ከጡትሽ ጫፍ ደም ከወጣ ወይም ብብትሽ ስር ካበጠ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ።

ያቺ ሥዕሌ አሁን ከደንበኞች ፓተርን ጋር ሚስማር ላይ ተሰቅላለች። ባለፈው አንዷ አይታ «ይሄ የማን ቀሚስ ነው?» አለችኝ። የኔ ነው አልኳት።